የጫሞ የጀልባ መስመር በበጎ ፈቃደኞች እንዴት ይያዛል?

የጀልባ መስመር ማለት ጀልባ ከሚነሳበት ዳር እስከሚደርስበት ያለው የውሃ መንገድ ከነመሳፈሪያው፣ ከነምልክቱና ከነዳርቻው ነው። በጋሞ ዞን በእንግዶች ዘንድ በይበልጥ የሚታወቀው መስመር ከአርባ ምንጭ በስተደቡብ ከጫሞ ሐይቅ ዳር ተነስቶ «አዞ ገበያ» ወደሚባለው የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ዳርቻ የሚያደርሰው ነው። በዚሁ ውሃ ላይ ዓሣ አስጋሪዎች በእንጨት ጀልባና «ወጎሎ» በሚባለው፣ ከውሃ ዳር ዛፍ ቀላል ግንድ በሚታሰረው ታንኳ እየቀዘፉ ውለው ይገባሉ። አስጎብኚው፣ አስጋሪውና ተመራማሪው የሚጠቀሙበት መንገድ አንድ ነው፤ ሲበላሽም የሚጎዳው ሁሉንም ነው።

የመኪና መንገድ ሲቆራረጥ ግሬደር ይመጣለታል። የውሃ መንገድ ግን ደለል ሲሞላው፣ ግንድ ሲጋደምበት ወይም መሳፈሪያው በቆሻሻ ሲዋጥ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ወዲያው አይታወቅም። በዚህ ክፍተት የሚገቡት ብዙ ጊዜ የትምህርት ቤት ክበባት፣ የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የወጣት ማኅበራትና ባለጀልባዎቹ ራሳቸው ናቸው። ጉልበትና ፍላጎት አይጎድላቸውም። የሚጎድለው የሥራ ቅደም ተከተል ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው የዚህ ሥራ አብዛኛው ክፍል በየብስ እንጂ በውሃ ላይ የማይሠራ መሆኑ ነው። ጫሞን የሚያቆሽሸው በአመዛኙ ኩልፎና ሌሎቹ ገባር ወንዞች ይዘውት የሚወርዱት፣ ሰውም በዳር ላይ የሚተወው ነገር ነው። ሐይቁ ላይ የሚሠራው ሥራ ደግሞ በዋናነት ማየትና መመዝገብ ነው።

1. ፈቃድና ስምምነት

የመጀመሪያው ደረጃ የትኛው ክፍል በማን ሥልጣን ሥር እንዳለ መለየት ነው። በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመውና 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ የሚተዳደረው በኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። የፓርኩ ክልል የሐይቁን ዳርቻና የውሃውን ከፊል ስለሚያካትት፣ በዚያ ክልል ውስጥ ቅርንጫፍ መቁረጥም ሆነ ምልክት መትከል ያለ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት የጽሑፍ ፈቃድ አይሞከርም። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም በአዋጅ የተደነገገ ነው፤ በጎ ፈቃደኛ መሆን ከሕጉ አያስወጣም። የዓሣ ሥራን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 315/1995 ነው፤ መረብን የሚነካ ሥራ ሁሉ ከዞኑ ወይም ከወረዳው ግብርና መሥሪያ ቤት ጋር መነጋገርን ይጠይቃል። ከፓርኩ ውጭ ያለው የኩልፎ ዳር ደግሞ የከተማው አስተዳደርና የየቀበሌው ጉዳይ ነው።

ለእያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የሚቀርበው ደብዳቤ ከአንድ ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። ሥራው የት እንደሚሠራ፣ በየትኞቹ ቀናት እንደሚሠራ፣ ስንት ሰው እንደሚሳተፍ፣ ኃላፊው ማን እንደሆነና የተሰበሰበው ቆሻሻ የት እንደሚደርስ ይገለጽበታል። የመጨረሻው ነጥብ በብዙ ደብዳቤዎች ላይ ይዘለላል፤ ቆይቶ ጭቅጭቅ የሚያመጣውም እሱ ነው።

ደብዳቤ ብቻውን አይበቃም። በጋሞ አካባቢ የጋራ ጉዳይ የሚመከርበት ዱቡሻ አለ። በመሳፈሪያው ዙሪያ የሚኖሩ፣ ከብት ውሃ የሚያጠጡና ዓሣ የሚያሰግሩ ሰዎች በሽማግሌዎቻቸው በኩል ነገሩን ካልሰሙትና ካልተስማሙበት፣ ዛሬ የጸዳው ዳር በሳምንቱ እንደነበረ ይሆናል። በስብሰባው ላይ ከማስተማር ይልቅ መጠየቅ ይጠቅማል፦ ጀልባ የሚያስቸግረው የት ነው? ጎርፍ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሞላው የትኛው ጥግ ነው? ጉማሬ የሚወጣው በየት በኩል ነው? አንድ አስጋሪ በሃያ ዓመት ያየውን የትኛውም ካርታ አይዘውም።

2. ጊዜ መምረጥ

በአገሪቱ በሰፊው የተለመደው የበጎ ፈቃድ ወቅት ክረምት ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ወጣቱ ችግኝ ይተክላል፣ ቤት ያድሳል፣ ደም ይለግሳል። የአርባ ምንጭ ዝናብ ግን የመሐል አገሩን የቀን መቁጠሪያ አይከተልም። እዚህ ዋናው ዝናብ በልግ ነው፤ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ይበረታል። ሁለተኛው ዝናብ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ይመጣል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ደረቅ ነው። ኩልፎ ከጋሞ ደጋ፣ ከጉጌ ተራሮች ወገን ተነስቶ ወደ 1,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው ጫሞ የሚወርድ ወንዝ ስለሆነ፣ በከተማው ጠብታ ሳይጥልም በደጋው በዘነበው ዝናብ ሊሞላ ይችላል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ቀላል ቢሆንም ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የኩልፎን አልጋና ዳር ከቆሻሻ ማጽዳት የሚጠቅመው ከበልግ በፊት፣ በጥርና በየካቲት ነው። በየካቲት መጨረሻ ከወንዙ ያልወጣ ፌስታልና «ሃይላንድ» የሚባለው የውሃ ጠርሙስ ግንቦት ላይ ጫሞ ውስጥ ይገኛል፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ አዞና ጉማሬ ካሉበት ውሃ ማውጣት ይሆናል። ጎርፉ ምን እንዳመጣና መስመሩን የት እንደለወጠው ለማየት ሰኔ ይመረጣል። ሐምሌና ነሐሴ፣ የተማሪ ጉልበት በሚገኝበት ጊዜ፣ ለመሳፈሪያ ጥገና፣ ለምልክት ቀለምና ለመሳሰለው የየብስ ሥራ ይውላሉ። በመስከረም ዋዜማ ደግሞ ወንዙ አጭር ቅኝት ይደረግለታል፤ ሁለተኛው ዝናብ ከመግባቱ በፊት ትልልቁን ቆሻሻ ብቻ ለማንሳት ነው።

ደረቁ ወቅት አንድ እንቅፋት አለው። የጫሞ አዞዎች እንቁላላቸውን የሚጥሉት በዚሁ ጊዜ፣ ከታኅሣሥ ጀምሮ፣ በአሸዋማ ዳርቻዎች ላይ ነው። እንቁላሉ እስኪፈለፈል ሦስት ወር ያህል ይወስዳል፤ እናቲቱም ጎጆዋን ትጠብቃለች። ስለዚህ በእነዚህ ወራት በጎ ፈቃደኞች በከተማው በኩል ያለውን የኩልፎን ዳርና ሰው ዘወትር የሚመላለስበትን መሳፈሪያ ይሠራሉ፤ የሐይቁን አሸዋማ ዳርቻ ግን ለማጽዳትም ቢሆን አይረግጡም።

ሰዓቱም የራሱ ደንብ አለው። ጉማሬ ሌሊት ሣር ሲግጥ አድሮ ንጋት ላይ ወደ ውሃ ይመለሳል። በዳር ላይ የሚሠራ ሥራ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት አይጀመርም፣ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላም አይቀጥልም። በጀልባ የሚደረግ ቅኝት በተቃራኒው በማለዳ ተጀምሮ እስከ 5 ሰዓት ቢያልቅ ይሻላል፤ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ትንሽ ጀልባን ያስቸግራል፣ በሚናወጥ ውሃ ላይም ጥልቀት መለካት አይቻልም።

3. የደኅንነት ደንብ

ደንቡ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ በጎ ፈቃደኛ ውሃ ውስጥ አይገባም። እስከ ቁርጭምጭሚት ድረስም ቢሆን፣ የወደቀ ጓንት ለማንሳትም ቢሆን፣ ውሃው ጸጥ ያለ ቢመስልም አይገባም። የናይል አዞ የሚያድነው በዳር ነው፤ በአንድ ክንድ ጥልቀት ባለው ደፍራሳ ውሃ ውስጥ ሳይታይ ሊተኛ ይችላል። በ2010 ዓ.ም. በግንቦት ወር በጎረቤቱ በአባያ ሐይቅ ዳር ምእመናን ያጠምቁ የነበሩ አንድ የሃይማኖት አገልጋይ በአዞ ተገድለዋል፤ በዙሪያቸው ብዙ ሰው ነበር። የሰው ብዛትና ጫጫታ አዞን ያርቃል የሚለው እምነት መከታ አይሆንም።

ከዚህ ደንብ ሌሎቹ ይወጣሉ። በዳር የሚሠራ ሰው ከውሃው ጠርዝ ቢያንስ አምስት ሜትር ይርቃል። ወደ ጠርዙ የቀረበ ቆሻሻ ረጅም እጀታ ባለው መንጠቆ ይጎተታል፤ መንጠቆው የማይደርስበት እዚያው ይቀራል። ሁለት ሰዎች ሌላ ሥራ ሳይዙ ውሃውን ብቻ ይመለከታሉ፣ በየግማሽ ሰዓቱም ይቀያየራሉ። ይህ ቦታ ለደከመ ሰው ማረፊያ ተደርጎ ሲሰጥ ይታያል፤ ሊሰጥ የሚገባው ግን ዓይኑ ለነቃ ሰው ነው። በፓርኩ ውስጥ ሲሠራ የፓርኩ ጠባቂ (ስካውት) አብሮ መኖር አለበት።

ከጉማሬ ጋር ያለው ዋና ስህተት በእንስሳውና በውሃው መሃል መቆም ነው። በፊላና በደንገል መካከል ተረግጦ የተደለደለ ሰፊ መተላለፊያ ከታየ የጉማሬ መንገድ ነው፤ ዕቃ አይቀመጥበትም፣ ምሳም አይበላበትም። በጀልባ ላይ ከአዞ 30 ሜትር፣ ከጉማሬ መንጋ ደግሞ ከዚያ በብዙ የበለጠ ርቀት ይጠበቃል። ግልገል ያላት ጉማሬ ከታየች ቅኝቱ በዚያ በኩል ይቋረጣል። ለፎቶግራፍ ቀረብ በል እያሉ ጀልባ ነጂን መገፋፋት በጎ ፈቃደኛን ከጎብኚ የማይለይ ልማድ ነው።

በፈረንጅ አገር የወንዝ መስመሮች በጎ ፈቃደኞች ካያክ የሚባለውን ትንሽ ጀልባ ይዘው ወጥተው እየቀዘፉ ያጸዳሉ። ያ አሠራር እዚህ አይሠራም። ካያክ ዝቅተኛና ጠባብ ስለሆነ ተቀማጩ ከውሃው ወለል እኩል ይሆናል፤ አዞና ጉማሬ ባለበት ሐይቅ ይህ አይመከርም። ቅኝት የሚደረገው ጠርዙ ከፍ ባለ የሞተር ጀልባ፣ ሐይቁን በሚያውቅ ነጂ ነው። የእያንዳንዱ ሰው የሕይወት አድን ጃኬት ከመነሳት በፊት ይፈተሻል፦ ማሰሪያው ይቆለፋል? ስፌቱ ተተርትሯል? ስፖንጁ ተጠፍጥፏል? በአንዳንድ ጀልባዎች ጃኬቱ መቀመጫ ሆኖ ስለሚያገለግል ስፖንጁ ተጨፍልቆ የማንሳፈፍ አቅሙን ያጣል። እንዲህ ያለው ይለወጣል እንጂ አይለበስም።

ወባና ቢልሃርዚያም ከአዞ ባልተናነሰ መታሰብ አለባቸው፤ የሚያገኙት ሰው ቁጥር ይበልጣልና። የቢልሃርዚያ ትል በቆዳ በኩል የሚገባው ቀንድ አውጣ ካለበት ረጋ ያለ ውሃ ነው። በኩልፎ ዳር እርጥብ ጭቃ ላይ የሚሠራ ሁሉ የላስቲክ ቦት ጫማና ረጅም ጓንት ያደርጋል፤ ውሃ የነካው ቆዳ ወዲያው በንጹሕ ውሃና በሳሙና ታጥቦ ይደርቃል። ከሳምንታት በኋላ የሆድ ሕመም ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የታየበት ሰው ለጤና ባለሙያው ወንዝ ዳር መሥራቱን መናገር አለበት።

4. መስመሩን ማየትና መመዝገብ

ያልተመዘገበ መስመር ሊጠገን አይችልም፤ የትኛው ክፍል እንደተበላሸ የሚታወቀው ካለፈው ዓመት ጋር ሲነጻጸር ነው። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ስልክ ከነካርታው፣ የማይረጥብ ደብተር፣ እርሳስ፣ በየአሥር ሳንቲ ሜትሩ በቀለም የተሰመረ ረጅም ዘንግ፣ ገመድና ከቀለም ቆርቆሮ ክዳን የሚሠራ የጥራት መለኪያ ይበቃሉ።

ይህ መለኪያ በሳይንሱ ዓለም ሴኪ ዲስክ ይባላል። ሃያ ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቆርቆሮ በአራት ተከፍሎ ሁለቱ ተቃራኒ ክፍሎች ነጭ፣ ሁለቱ ጥቁር ይቀባሉ። መሃሉ ተበስቶ በተሰመረ ገመድ ይታሰራል፣ ከሥሩም ክብደት ይንጠለጠልበታል። ከጀልባው ጥላ በኩል ቀስ ተብሎ ወደ ውሃው ይወርድና ከዓይን የጠፋበት ጥልቀት ይጻፋል፤ ሲወጣ መልሶ የታየበትም ይጻፋል፤ የሁለቱ አማካይ የውሃው ጥራት ነው። ይህን በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ በየወሩ የሚለካ ቡድን በልግ ምን ያህል ደለል እንዳወረደ በቁጥር መናገር ይችላል። አባያ በደለል ብዛት ምን እንደሚመስል ለማየት ከተማው ላይ ሆኖ ወደ ሰሜን መመልከት ይበቃል፤ ቀይ ቡናማ ነው። የጫሞ ውሃ ወደዚያ መልክ እየተጠጋ ከሆነ ወሬው መጀመሪያ የሚገኘው በእንዲህ ያለ መዝገብ ነው። ልኬቱ ለአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ቢሰጥ የሚያነበው ባለሙያ ያገኛል።

ቀጥሎ ቋሚ የፎቶ ቦታዎች ይመረጣሉ። መሳፈሪያው፣ የኩልፎ አፍ፣ ፊላ የሚስፋፋበት ጥግ፣ በከተማው በኩል ያለው ድልድይ ለመነሻ በቂ ናቸው። በእያንዳንዱ ቦታ ፎቶግራፉ የሚነሳው ከአንድ መቆሚያ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ አንድ የማይንቀሳቀስ ነገር በክፈፉ ውስጥ አስገብቶ ነው፤ ተራራ ወይም ትልቅ ዛፍ ይሆናል። የሐይቁ ልክ ከዓመት ዓመት ከፍና ዝቅ ስለሚል ዳሩ ራሱ ይሸሻል ወይም ይመጣል፤ ውሃውን ብቻ የሚያሳይ ፎቶ ለማነጻጸር አይረዳም።

በጀልባው ቅኝት ወቅት አንዱ ሰው ይለካል፣ ሌላው ይጽፋል፣ ሦስተኛው ፎቶ ያነሳል። ለእያንዳንዱ እንቅፋት የሚጻፉት አምስት ነገሮች ናቸው፦ ቦታው፣ ዓይነቱ፣ ጥልቀቱ፣ ለጀልባ ያለው አደጋና ቀኑ። «ብዙ ቆሻሻ አለ» የሚል መዝገብ ዋጋ የለውም። በቅኝት ላይ የሚታየው የአዞ ጎጆ ወይም የሞተ እንስሳ ለፓርኩ ይነገራል እንጂ ቦታው በማኅበራዊ ሚዲያ አይለጠፍም።

የጀልባ ነዳጅ ከወጪው ሁሉ ትልቁ ነው። ባለጀልባው ጀልባውንና ቀኑን በነጻ ሲሰጥ ነዳጁን ራሱ ይቻል ማለት ሁለተኛ ጊዜ እንዳይመጣ መንገር ነው። ከእያንዳንዱ ተሳታፊ በሚሰበሰብ ትንሽ መዋጮ ነዳጁ አስቀድሞ ይሸፈናል።

5. መሣሪያ

ለየብስ ሥራ ጓንት፣ ቦት ጫማ፣ መንጠቆ፣ አካፋ፣ ዶማ፣ ገጀራ፣ የእጅ መጋዝ፣ ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት፣ ባሬላ፣ ተንጠልጣይ ሚዛንና የመጀመሪያ ሕክምና ሳጥን ይያዛሉ። የሞተር መጋዝ ለበጎ ፈቃደኛ አይሰጥም። እያንዳንዱ መሣሪያ እጀታው ላይ በደማቅ ቀለም ይቀባል፤ ጭቃ ውስጥ የወደቀ ያልተቀባ ገጀራ የሚገኘው በሰው እግር ነው። ሥራው ሲያልቅ መሣሪያው በቁጥር ይረከባል።

6. መሳፈሪያውን መያዝ

መሳፈሪያው ጎብኚው መጀመሪያ የሚያየው፣ አስጋሪው ደግሞ ዓሣውን የሚያወርድበት ቦታ ነው። እዚህ ያለው ትልቁ ችግር ብዙዎች እንደሚያስቡት ፌስታል አይደለም፤ የዓሣ አንጀት፣ ጭንቅላትና ቅርፊት ነው። የዓሣ ተረፈ ምርት በዳር ሲጣል አባ ኮዳና ሌሎች ወፎች ይሰበሰባሉ፤ ሌሊት ደግሞ አዞ ይመጣል። ቦታውን የምግብ ቦታ አድርጎ የለመደ አዞ በማግስቱ ጀልባ የሚሳፈረውን ሰው እግር እዚያው ይጠብቃል። ስለዚህ ከሁሉም ጥገና በፊት የተረፈ ምርት ጉድጓድ ይዘጋጃል።

ጉድጓዱ ከውሃው ቢያንስ ሃምሳ ሜትር ርቆ፣ የበልግ ውሃ ከሚደርስበት ከፍ ባለ መሬት ላይ ይቆፈራል። ጥልቀቱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ሆኖ አፉ በእንጨትና በሾህ ይከደናል፤ ጅብና ውሻ እንዳያወጣው። በእያንዳንዱ ቀን ተረፈ ምርት ላይ አፈርና አመድ ይነሰነሳል። ሦስት አራተኛው ሲሞላ በአፈር ተደፍኖ ሌላ ይቆፈራል፤ የተደፈነው ከብዙ ወራት በኋላ ለማሳ ማዳበሪያ ይሆናል። የተለመደው ስህተት ጉድጓዱን ቆፍሮ መሄድ ነው። ተረፈ ምርቱን ከመበለቻው እስከ ጉድጓዱ የሚያደርስ ሰውና ክዳን ያለው በርሜል ከሌለ ጉድጓዱ ባዶውን ይከርማል። ይህ ከአስጋሪዎቹ ማኅበር ጋር ተስማምቶ ተራ በማውጣት ብቻ ይፈታል።

ነዳጅ መሙላት ሌላው ነው። ጀሪካን ከጀልባ ጀልባ እየተቀባበለ ሲሞላ የሚንጠባጠበው ዘይት የቀላቀለ ቤንዚን በውሃው ላይ እንደ ቀስተ ደመና ይዘረጋል። የሚነቀሉ ታንከሮች በየብስ ላይ፣ በማጥለያ፣ ከሥራቸው ትሪ ተደርጎ ይሞላሉ። ለዚህ ማጥለያና ትሪ ገዝቶ ማስቀመጥ ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል።

የመሳፈሪያው መሬት ራሱ በጎርፍ ሲቦረቦር ድንጋይ ተደርድሮ ይደለደላል፤ ደረጃው ሰፊና ሸካራ ይደረጋል። ሲሚንቶ ከመጠቀም በፊት የሐይቁ ልክ መለዋወጡ ይታሰብበት፤ ዛሬ ውሃ ዳር የተሠራ ቋሚ መሰላል በሌላ ዓመት ከውሃው ርቆ ወይም ሰምጦ ሊገኝ ይችላል። ተነቃይ የእንጨት መረማመጃ ርካሽም ምቹም ነው።

7. ኩልፎን ወደ ላይ መከተል

ከመሳፈሪያው ሥራ በኋላ ቡድኑ ፊቱን ወደ ከተማው ያዞራል። ወንዙ ከአርባ ምንጩ ሲቀላ ወገን እስከ ፓርኩ ደን ባለው ክፍል በመቶ ሜትር በመቶ ሜትር ተከፋፍሎ ለየቡድኑ ይሰጣል። ከላይ ወደ ታች መሠራት አለበት፤ ከታች የጀመረ ቡድን ከላይ የተነቀለው እየወረደበት ሁለት ጊዜ ይለፋል። ደረቅ የወንዝ አልጋ ላይ ቢሠራም በደጋው ደመና ከታየ ሁሉም ከአልጋው ይወጣል። ደራሽ ውሃ ድምፁ ከተሰማ በኋላ የሚሰጠው ጊዜ ጥቂት ነው።

ቆሻሻው በየዓይነቱ ይለያል፦ የውሃ ጠርሙስ፣ ፌስታል፣ ጨርቅና ጫማ፣ ብርጭቆ፣ ሌላ። እያንዳንዱ ከረጢት ይመዘናል፣ ይጻፋል። ጠርሙሱን የቆራሌ ሰዎች ወይም ፕላስቲክ የሚሰበስቡ ማኅበራት ይወስዱታል፤ ገቢው ለነዳጅ መዋጮው ይረዳል። የቀረውን የከተማው የጽዳት ተሽከርካሪ በዚያኑ ቀን እንዲያነሳው ቀጠሮ አስቀድሞ ይያዛል። በወንዝ ዳር ተከምሮ ያደረ ከረጢት ተቀዶ ይበተናል። እዚያው ማቃጠል ደግሞ ጢሱ መርዛም ስለሆነና እሳቱም ወደ ደኑ ሊሻገር ስለሚችል አይፈቀድም።

ከደረቅ ቆሻሻ የበለጠው ጉዳይ ደለሉ ነው፤ እሱ ግን በከረጢት አይሞላም። ደለል የሚመጣው ከደጋው ተዳፋት ማሳ፣ ከተራቆተ የወንዝ ዳርና ያለ ገደብ ከሚወጣ አሸዋ ነው። የበጎ ፈቃደኛ ቡድን ሊሠራ የሚችለው የተናደ ዳርን መለየት፣ ከብት እንዳይረግጠው ከባለይዞታው ጋር ተስማምቶ ማጠር፣ በበልግ መግቢያ አገር በቀል ዛፍና ሣር መትከል ነው። ባሕር ዛፍ በወንዝ ዳር አይተከልም። ችግኙ ከተተከለ በኋላ ውሃ የሚያጠጣውና የሚኮተኩተው ሰው ስም ካልተጻፈ ባይተከል ይሻላል፤ ጉድጓድ መቆፈር ብቻ የታየበት ዘመቻ ብዙ ነው።

8. ግንድ፣ የውሃ አረምና መረብ

ጎርፍ ያመጣው ግንድ ሁሉ አይነሳም። በውሃ ውስጥ የተጋደመ ዛፍ ለዓሣ መራቢያና መሸሸጊያ፣ ለወፍ ማረፊያ፣ ለአዞ መሞቂያ ነው። የሚነሳው ጀልባ በሚያልፍበት መስመር ላይ ያለው፣ በተለይም ከውሃው በታች ተሰውሮ የጀልባ ሆድ የሚቀድደው ብቻ ነው። እሱም ቢሆን በበጎ ፈቃደኛ እጅ አይነሳም፤ ቦታው ተመዝግቦ ምልክት ይደረግበትና ባለጀልባዎችና ፓርኩ ተማክረው በገመድ ወደ ዳር ይጎትቱታል። ብዙ ጊዜ መስመሩን ሃያ ሜትር ማዞር ግንዱን ከመጎተት ይቀላል።

ፊላና ደንገል ደለልን አጣርተው የሚያስቀሩ የሐይቁ ወንፊት ናቸው። የጀልባ መውጫ ከጠበበ ለአንድ ጀልባ የሚበቃ ስፋት ብቻ ይታጨዳል፤ ከሥሩ አይነቀልም። እንቦጭ ግን ሌላ ነገር ነው። ቅጠሉ ወፍራምና አብረቅራቂ፣ የቅጠሉ ዘንግ የተነፋ፣ አበባው ሐምራዊ የሆነ ተንሳፋፊ አረም ከታየ በዚያው ቀን ለፓርኩና ለዞኑ ይነገራል። በተመቸው ውሃ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. ዋዜማ በይፋ ከታየ ወዲህ ስንት ሺህ ሰው እንደተረባረበበት ይታወቃል፤ ገና ጥቂት ሳለ ማውጣት ከዚያ ሁሉ ያድናል። ሲወጣ ከነሥሩ ይወጣል፣ ማዕበልና ጎርፍ ከማይደርስበት ርቆ ይደርቃል። ከሌላ ሐይቅ የመጣ ጀልባና መረብ ወደ ጫሞ ከመግባቱ በፊት ታጥቦ በፀሐይ መድረቁ የሚጠየቀውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ተጥሎ የቀረ መረብ ዓሣ ማጥመዱን አያቆምም፤ ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ አንዳንዴም የአዞ ግልገል ተጠላልፎ ይሞትበታል። ይሁንና የተጣለ የሚመስል መረብ ባለቤት ሊኖረው ይችላል። ለብዙ ቤተሰብ መረብ ሀብት ነው፤ ያለ ፈቃድ የተነሳ አንድ መረብ ቡድኑን ከአስጋሪው ሁሉ ያጣላል። ስለዚህ ቦታው ተመዝግቦ ለአስጋሪዎቹ ማኅበር ይነገራል፣ ባለቤት ከጠፋ ራሳቸው አስጋሪዎቹ ያወጡታል። የወጣው መረብ ተቆራርጦ ይወገዳል እንጂ ዳር ላይ አይተውም።

9. ምልክት ማቆም

በሌላ አገር የውሃ መስመር በተንሳፋፊ ኳስ ይታያል። በጫሞ ጀሪካንና ባዶ ጠርሙስ ማንሳፈፍ ግን ስህተት ነው፤ አስጋሪው መረቡን የሚለየው በዚያው ስለሆነ ነጂው የትኛው ምልክት፣ የትኛው መረብ እንደሆነ መለየት ያቅተዋል። የሚሻለው በየብስ ላይ የሚቆም ምልክት ነው። ሁለት ረጃጅም ነጭና ብርቱካንማ ምሰሶዎች ከዳር አንዱ ከሌላው ኋላ ይተከላሉ፤ ነጂው ሁለቱ በአንድ መስመር ሲገጥሙለት ጥልቁ መንገድ ላይ እንዳለ ያውቃል። ምሰሶው ከጉማሬ መንገድ ርቆ ይተከል፤ ካልሆነ እንስሳው ጀርባውን ሲፎክትበት ያድርና ጠዋት ወድቆ ይገኛል።

በመሳፈሪያው የሚቆመው ሰሌዳ በጋሞኛ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ቢጻፍም ዋናው ሥዕሉ ነው፦ ውሃ ውስጥ አለመግባት፣ ጃኬት መልበስ፣ ከእንስሳ መራቅ፣ ቆሻሻ ይዞ መመለስ። ከአራት መልእክት በላይ የያዘ ሰሌዳ አይነበብም።

10. መዝገቡን ማስረከብ

ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ባለ ሁለት ገጽ ዘገባ ይዘጋጃል፤ በኪሎ የተመዘነው ቆሻሻ በየዓይነቱ፣ የውሃው ጥራትና ጥልቀት፣ የእንቅፋቶቹ ዝርዝር ከነፎቶው፣ የተሠራውና የቀረው ይጻፍበታል። ለፓርኩ፣ ለከተማው አስተዳደር፣ ለባለጀልባዎቹና ለአስጋሪዎቹ ማኅበራት አንዳንድ ቅጂ ይሰጣል፤ አንዱ ቅጂ በዱቡሻው ጮክ ተብሎ ይነበባል። ዋናው ደብተር በአንድ ተማሪ ቦርሳ ውስጥ መቅረት የለበትም። ተማሪ ይመረቃል፣ የክበብ ሰብሳቢም ይቀየራል፤ ስለዚህ ደብተሩና የፎቶው ቅጂ እንደ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ወይም እንደ ማኅበር ጽሕፈት ቤት ባለ ቋሚ ቦታ ይቀመጣል፣ የሚቀጥለው ዙር ኃላፊም ከጥር በፊት ፈርሞ ይረከበዋል።